ሲስተማችሁ እንዳይቆም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ራሳችሁ አቁሙት

ሥራዬ ሰርቨር፣ ማለትም የድርጅትን ሲስተም የሚያሠራውን ኮምፒውተር፣ መጠበቅ ነው። ሲስተም ሲቆም ብዙ ድርጅቶች የሚያሰሉት ያመለጣቸውን ሽያጭ ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ገንዘቡ ተቆርጦ ትዕዛዙ ያልተመዘገበለት ደንበኛ አለ። በወረቀት የተያዘውን አምሽቶ የሚያስገባ ሠራተኛ አለ። ሁለቴ የተመዘገበም አይጠፋም። ለሁለት ሰዓት የቆመ ሲስተም የሳምንት ሂሳብ ማስታረቅ ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ትዕዛዝ ያዙና መንገዱን ተከተሉ። ከደንበኛው ስልክ መረጃው እስከሚከማችበት ዳታቤዝ ድረስ የሚያልፍበትን ሁሉ ጻፉ፦ የኢንተርኔት መስመር፣ ራውተር፣ የኔትወርክ ስዊች፣ ሰርቨር፣ የክፍያ አገልግሎት፣ መብራት። እያንዳንዱ ጋ ቆም ብላችሁ "ይሄ አሁን ቢጠፋስ?" በሉ። የዶሜይን (የድረ ገጹ ስም) እና የሰርቲፊኬት (የድረ ገጹ የደህንነት ማረጋገጫ) ማብቂያ ቀንም ይጻፍ። የይለፍ ቃሉን ብቻውን የሚያውቅ ሰው ካለ እሱም ይጻፍ።

ቀጥሎ ምን ያህል መቆም እንደምትችሉ ወስኑ። "ሲስተሙ 99.9 በመቶ ጊዜ ይሠራል" ሲባል ደስ ይላል፤ በዓመት ግን ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መቆም ነው። 99.99 ወደ 53 ደቂቃ ያወርደዋል። እያንዳንዷ 9 ወጪ ስላላት ለሁሉም ሥራ እኩል አትክፈሉ። ክፍያ መቀበያው አይጠብቅም፣ የወር ሪፖርቱ ግን እስከ ነገ ይቆያል።

ዋናው ሲጠፋ ሥራውን የሚረከብ ተተኪ ሰርቨር ስታስቀምጡ ከዋናው አራርቁት። በአንድ የመብራት መስመር ላይ ያሉ ሁለት ሰርቨሮች አብረው ነው የሚጠፉት። በ2021 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግ ውስጥ ሰርቨር የሚያከራየው የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው (የመጠባበቂያ ቅጂያቸው) እዚያው የነበረ ደንበኞች ዳታቸውንም አጥተዋል። ዳታውን ወዲያው ወዲያው ወደ ተተኪው መገልበጥም ባክአፕን አይተካም። እዚህ በስህተት የተሰረዘ እዚያም ይሰረዛላ!

አጥብቄ የምለምናችሁ ግን ሙከራውን ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ አንድ መሐንዲስ የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች በስህተት ሰረዘ። ባክአፕ የሚወሰድባቸው መንገዶች ብዙ ነበሩ። ሲፈለጉ ግን አልሠሩም። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት በፊት በእጅ የተወሰደ ኮፒ ነበር።

በየጊዜው ዋናውን ሰርቨር ራሳችሁ አጥፉት። እኔ የምመርጠው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ባለሙያው ሁሉ ቢሮ አለ። አርብ ማታ አልነካውም። ሰዓት ያዙ። ተተኪው በስንት ደቂቃ ተረከበ? የመጨረሻው ትዕዛዝ እሱ ጋ አለ? ዋናው ሲመለስስ ሁለቱም "ዋናው እኔ ነኝ" ብለው በየፊናቸው አይመዘግቡም? ይሄ ከመቆምም ይከፋል፤ የተለያዩ ሁለት መዝገቦችን መልሶ አንድ ማድረግ አንዳንዴ ጭራሽ አይቻልም። ሦስተኛ ሰርቨር በዳኝነት የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተስማሙ ማንም ዋና አይሆንም። ባክአፑንም ባዶ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። "ተሳክቷል" የሚለው ኢሜይል ብቻውን አይበቃም።

ሲስተሙ ሲቆም የሚነግራችሁ ማንቂያ ከሲስተሙ ውጭ ይቀመጥ። በ2021 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ለ6 ሰዓት ያህል ሲጠፋ ሠራተኞቹ የሚጠቀሙባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም አብረው ጠፍተው ነበር። ስለዚህ የስልክ ቁጥሮቹንና የማስነሻ ቅደም ተከተሉን በወረቀት አትሙ። ሌሊት የሚወስነው ሰው ስምም እዚያው ይስፈር። "ወደ ተተኪው እንዙር ወይስ እንጠብቅ?" እያለ ብዙ ሰው በስልክ ሲከራከር ደቂቃው ይነጉዳል።