ወጨጫ ላይ ብቻዬን ስውል

እሁድ ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት አንዲት ወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ እለጥፋለሁ። ከየት እንደምነሳ፣ በየትኛው ሸንተረር እንደምወጣ፣ በየት በኩል እንደምወርድ፣ በስንት ሰዓት እንደምደውል። 11 ሰዓት አልፎ ድምፄ ከጠፋ ማን ጋ መደወል እንዳለባት ከእህቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ብቻውን ጋራ መውጣት ያማረው ሰው ጫማና ቦርሳ ከመግዛቱ በፊት ከዚህች ወረቀት ይጀምር።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ጋራዎች አብዝቼ የምሄደው ወጨጫ ነው። ከከተማው በስተምዕራብ፣ በሰበታና በሆለታ መካከል የተቀመጠ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር የሚበልጥ፣ ድሮ የከሰመ እሳተ ገሞራ ነው። ጎኑ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጽድ ዘር በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ደኑ ጥብቅ ነው፤ በር ላይ ተከፍሎ ይገባል፣ መንገድም ተበጅቶለታል፣ እዚያ በመንገዱ ሂዱ። እኔ የማወራው ከዛፉ በላይ ስላለው ነው። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦና ሳር ብቻ ያለበት፣ መንገዱን ራሳችሁ የምትፈልጉበት ቦታ።

ስለ ጸጥታው በዚያው ሳምንት ጠይቁ። አምና ሰላም የነበረ ቦታ ዘንድሮ ላይሆን ይችላል። እኔ የምጠይቀው እዚያው የሚኖር ሰው ነው። የሚኒባስ ረዳቱን፣ ሻይ የምታፈላዋን ሴት። «ዛሬስ ይቅርብሽ» ካሉኝ ሻዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። አልከራከርም።

ጋራው ከሩቅ ሲያዩት ጭው ያለ ይመስላል። ግን ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ጀርባ እረኛ አለ። እናንተ ሳታዩት እሱ ካያችሁ ቆይቷል። አስቡት፣ መንገድ በሌለበት ቦታ አንዲት የማትታወቅ ሴት ቦርሳ አዝላ ስትንጎራደድ ሲያይ ምን ይበል? መሬት ልትለካ ነው? ከብት ልታስነዳ ነው? ቢጠረጥር እውነቱን ነው። ስለዚህ ከሩቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰላም እላለሁ። ጠዋት «አካም ቡልታን»፣ ከሰዓት በኋላ «አካም ኦልታን»። ኦሮምኛዬ ከዚያ ብዙም አይዘልም፣ ግን በሰላምታ የተጀመረ ነገር በአማርኛም በእጅም ይቀጥላል። ከዚያ ጣቴን ወደምሄድበት እቀስራለሁ። በዚህ ወጥቼ በዚያ እወርዳለሁ እላለሁ። አንድ እረኛ ከሰማ ጋራው ሁሉ ሰማ ማለት ነው፤ ከተራራ ተራራ ይጣራሉ። ቀይ ሻርፕ የማደርገውም ለዚሁ ነው። ብቻዬን መሄድ እወዳለሁ፣ ሳልታይ መሄድ ግን አልወድም።

ወደ ቤቶች ስትጠጉ ውሻ ይመጣባችኋል። አትሩጡ። ቁሙና «ውሻ ያዙልኝ!» ብላችሁ ተጣሩ። ሰው እስኪወጣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ይበቃል፣ መወርወር አያስፈልግም። የተዘራ ማሳ መሀል አትግቡ፤ ዳር ዳሩን መዞር አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ከመንገድ ስትወጡ የምታገኙት ቀጭን ዱካ ሁሉ አንድ አይደለም። ከብት የሚሄድበት ዱካ ጋራውን አግድም ይዞ ይዞራል፣ ብዙ ቦታ ይከፋፈላል፣ በመጨረሻም ውሃ ጋ ወይም ግጦሽ ጋ ይጠፋል። ሰው የሚሄድበት ግን ጠበቅ ያለ ነው፣ ዓላማ አለው፣ ወደ ቤት ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። የአህያ ፋንድያ ካየሁ ደስ ይለኛል፤ ገበያ የሚወስድ መንገድ ነው። የጠፋኝ ጊዜ ጆሮዬን እጠቀማለሁ። ዶሮ፣ ውሻ፣ የመጥረቢያ ድምፅ።

አሁን የምነግራችሁን ግን ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ቡሄ ሰሞን፣ ሸንተረሩ ላይ እያለሁ ጉም ወረደብኝ። የዘረጋሁት እጄ ይታየኛል፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ብቻ። «ውሃ ከተከተልሽ ሰው ታገኛለሽ» ሲባል ነው ያደግሁት። አንዲት ምንጭ አገኘሁና እሷን ይዤ መውረድ ጀመርኩ። መጀመሪያ በአንድ እርምጃ የምሻገራት ነበረች። ቀስ እያለ ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ ቆመ። ሳማ እስከ ወገቤ ደረሰ፤ ሱሪዬን አልፎ ለበለበኝ። ድንጋዩ ሽበት ለብሶ ያሟልጫል፣ በቂጤ እየተንፏቀቅሁ ነው የምወርደው። ከዚያ የውሃው ድምፅ ተለወጠ። ስር ስሬ ሲንቆረቆር የነበረው ከሩቅ፣ ከታች መሰማት ጀመረ። ቆምኩ። ሦስት እርምጃ ከፊቴ ውሃው ጠርዝ ላይ ደርሶ ይጠፋል። ገደል ነው።

መውረድ አይቻልም። የወረድኩትን መልሼ መውጣት አቃተኝና ቁጭ አልኩ። እንደተቀመጥኩ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጅራፍ! ጮህኩ። ጅራፉ ቆመ፣ የልጅ ድምፅ መለሰልኝ። እኔ እየጮህኩ፣ እሱ እያጮኸ፣ በድምፁ አቅጣጫ ወደ ላይ ተሳብኩ። አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ሸንተረሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከእሱ እግር ሥር የሚጀምረው የሰው መንገድ በአንድ ሰዓት አስፋልት ላይ አደረሰኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ተከትዬ አልወረድኩም። የእኛ ደጋ ውሃ ሲወርድ በገደል ነው የሚወርደው። ሸንተረር ግን ነፋስ አለው፣ የስልክ ኔትወርክ አለው፣ እይታ አለው፤ አብዛኛው የሰው መንገድም በእሱ ላይ ነው የሚሄደው። ጉም ከወረደ ሸንተረሩ ላይ ቁጭ በሉና ጠብቁ፣ በሶ ጠጡ። የክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ ብቻ ከአናቱ ላይ ዝቅ በሉ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር ግን አትጠለሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ለጀማሪ ክረምቱን አልመክርም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሰማይ ይሻላል።

ሰማዩ ሲጠራ አቅጣጫ ቀላል ነው። ከወጨጫ አናት ፉሪ በደቡብ ምሥራቅ ቅርብ ነው፣ ዝቋላ በዚያው በኩል ራቅ ብሎ አናቱ የተቆረጠ ሞሰብ ክዳን ይመስላል፣ የረር በምሥራቅ ነው። ሦስቱን ጋራዎች ከለያችሁ ስልኩ ቢዘጋም አትጠፉም። በፀሐይ ስትመሩ ግን ተጠንቀቁ። ታኅሣሥ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግን ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ይህን ተማሪዎቼን በጥላ አስለክቼ ነው የማሳያቸው። ስትወጡም በየሩብ ሰዓቱ ዞር ብላችሁ ኋላችሁን እዩ፣ በስልክ አንሱት። ጋራ ሲመለሱበት ሌላ ፊት አለው።

ቦርሳዬ ብዙ አይከብድም። ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሁለት ብርቱካን፣ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ፊሽካ፣ ካርታ አስቀድሞ የወረደበት ስልክ። ረጅም ሱሪ ግዴታ ነው፤ ሳማና ቀጋ ቁምጣ አይወዱም። ሶሉ ያላለቀ ጫማ፣ ምክንያቱም የጥር ደረቅ ሳር ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ነው። ቀጥታ አትውረዱ፣ በጎን እየዞራችሁ ውረዱ። ዱላ ከሰፈር ልጆች እገዛለሁ።

8 ሰዓት ሲሆን ለመመለስ እዞራለሁ። አናቱ ሃያ ደቂቃ ቢቀረውም እዞራለሁ። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ጋራው የጅብ ነው። መንገድ የሌለው ቁልቁለት ደግሞ ከዳገቱ ያላነሰ ጊዜ ይበላል።

ስወርድ ጠዋት ሰላም ባልኳቸው ሰዎች ደጅ አልፋለሁ። አንድ ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬ በሆለታ በኩል ወረድኩ። ለእህቴ ደወልኩ፣ ለእነሱ ግን ማን ይንገራቸው? በሁለተኛው ሳምንት ስሄድ «ምነው ብቻሽን ልጄ?» ያሉኝ እናት ደጃቸው ላይ ሆነው አዩኝና ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ልጆቻቸው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በባትሪ ሲፈልጉኝ አምሽተው ነበር። አሁን የአንዱን ልጅ ስልክ ቁጥር ይዣለሁ። ከእህቴ ቀጥሎ የምደውለው ለእሱ ነው።