ስውር ፍንጭ አልፈታ ሲል፦ የጀማሪዎች ችግርና መፍትሄ

በተለመደው መስቀለኛ ቃላት ፍንጩ ግልጽ ጥያቄ ነው፤ «የዱር አራዊት ንጉሥ» የሚለውን ያነበበ ሰው አንበሳ ብሎ አራት ሣጥን ይሞላል፤ መልሱ ካልመጣለትም አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። በስውር ፍንጭ የሚዘጋጀው ዓይነት ከዚህ ይለያል። ፍንጩ ሲነበብ ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወራ ተራ ዐረፍተ ነገር ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የመልሱ ቀጥተኛ ትርጉም ሲሆን ሁልጊዜ በፍንጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው መልሱን ከፊደላት ለመሥራት የሚያስችል ድብቅ መመሪያ ነው። በቅንፍ የሚጻፈው ቁጥር የመልሱን ፊደላት ብዛት ያመለክታል።

የመስቀለኛ ቃላት መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው አርተር ዊን ያዘጋጀው ጨዋታ በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ሲሆን፣ ስውሩ ዓይነት የጎለበተው ግን ከዚያ በኋላ በ1920ዎቹ በእንግሊዝ ጋዜጦች ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይህንኑ በአማርኛ የሚሞክሩ ጀማሪዎች የሚገጥማቸው ችግር ከእንግሊዞቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም፤ ከፊሉ የሚመነጨው ከራሳችን ፊደልና አጻጻፍ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ፍንጮች ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጁ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ሣጥን የሚገባውም አንድ ፊደል ከነእርባታው ነው።

ፍንጩን ደጋግሞ ማንበብ ምንም አልፈይድ ሲል

«ነዳ፤ ቢገለበጥም ተረፈ (2)» የሚለውን እንውሰድ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የሚያውቅ የድሬዳዋ ሰው ይህን ሲያነብ ወዲያው የሚታየው ወደ ሐረር ሲወጣ መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና ነው፤ ስለዚህ የመኪና ዓይነት፣ የሾፌር ስም፣ ከአደጋ ጋር የሚያያዝ ቃል እያለ ሲፈልግ ይቆያል። የቸገረው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን ታሪኩን ማመኑ ነው። አዘጋጁ ስለ መኪና የሚናገረው ምንም ነገር የለም። የሚገለበጠው «ነዳ» የተባለው ቃል ራሱ ነው፤ ነ እና ዳ ቦታ ሲለዋወጡ «ዳነ» ይሆናል፤ ዳነ ማለት ደግሞ ተረፈ ማለት ነው።

መፍትሄው ዐረፍተ ነገሩን ማፍረስ ነው። ሥርዓተ ነጥቡን እንደሌለ ቆጥሮ ቃላቱን ለየብቻ በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ከዚያ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ይዞ «ሁለት ፊደል ያለው፣ ተረፈ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ካልሆነም ወደ መጀመሪያው ቃል ሄዶ ያንኑ መድገም ያስፈልጋል። ከሁለቱ ጫፎች የተረፈው ቃል በፊደል ላይ የሚፈጸም ድርጊት መሆን ይችል እንደሆነ የሚመረመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ በዚህ ጨዋታ እስከ ግማሽ መንገድ ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ያደናቅፋል። ይረዳል የምለው የተነገረው ሁሉ የተባለው እንዳልሆነ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። የሚያደናቅፈው ደግሞ የቅኔ ሰው ሰሙን አልፎ ሌላ፣ የጠለቀ መልእክት መፈለግ ስለለመደ ነው። ስውር ፍንጭ ከሥሩ መልእክት የለውም። ከሥሩ ያለው አንድ ቃል ብቻ ሲሆን፣ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድም በሐሳብ ሳይሆን በፊደላት በኩል ያልፋል።

ትርጉሙ ከየትኛው ጫፍ እንዳለ አልለይ ሲል

«ወጥ የሚያቀላው ከጀጎል መግቢያ ቀጥሎ ያለው አራሽ ነው (4)»። እዚህ ላይ ሐረርን የሚያውቅ ፈቺ ከማያውቀው ይልቅ ይቸገራል፤ ጀጎል ሲባል ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋ፣ ቡዳና ሸዋ የሚባሉት አምስቱ ጥንታዊ መግቢያዎች በየስማቸው ይመጡበታልና። ፍንጩ የሚጠይቀው ግን የአንዱን ስም ሳይሆን የሁሉንም የወል መጠሪያ፣ «በር» የሚለውን ነው። ከእሱ ቀጥሎ አራሹ «በሬ» ሲመጣ «በርበሬ» ይሆናል፤ ወጥ የሚያቀላውም እሱ ነው።

ጫፉን ለመለየት የሚረዳው ቀላሉ ዘዴ የማያያዣ ቃላትን መፈለግ ነው። «ነው»፣ «ማለት»፣ «ይሆናል» የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ በትርጉሙና በመመሪያው መካከል የተዘረጉ፣ ወይም እንደዚህኛው ፍንጭ ዐረፍተ ነገሩን ለመዝጋት ብቻ የገቡ ናቸው። «ቀጥሎ»፣ «አጠገብ»፣ «ተከትሎ» የሚሉት ደግሞ ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን እንደሚገጠሙ ያመለክታሉ፤ ስለዚህ ያሉበት ጫፍ የመመሪያው ወገን ነው፤ ትርጉሙ ከማዶ ነው።

መመሪያ የሚባል ነገር ጨርሶ ሳይገኝ ሲቀር

«በዓሉ አልደረሰም (2)»። ይገለበጥ የሚል የለም፤ ይቀላቀል የሚል የለም፤ ውስጥም፣ ቀጥሎም የሚል የለም። እንዲህ ሲሆን ፍንጩ በሁለት ትርጉም ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ጫፎች ለአንድ ቃል ይሠራሉ። በዓሉ ገና ነው፤ አልደረሰም ለማለትም ገና እንላለን። የበዓሉ ስም ሲነበብ «ና» ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ይላላል፤ በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው።

የአማርኛ አጻጻፍ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ለዚህ ዓይነት ፍንጭ እጅግ የተመቸ ነው፤ በእኔ ግምት ጀማሪ ሊጀምርበት የሚገባውም ከዚህ ነው። «ጫካ የገባው፣ ቆዳ ላይ የወጣው (3)» የሚለው መልሱ «ሽፍታ» ነው፤ ፍ ሲላላ ወንበዴው፣ ሲጠብቅ የቆዳ ሕመሙ ይሆናል። የቅኔ ሰዎች ኅብረ ቃል የሚሉት ዓይነት ቃል እንደ ሌላው ፍንጭ መመሪያ ሳያሻው ሁለቱንም ጫፍ ብቻውን ይሸከማል። ፈቺው ማድረግ ያለበት የመጣለትን ቃል አንድ ጊዜ አጥብቆ፣ አንድ ጊዜ አላልቶ ድምፅ እያሰማ ማንበብ ነው፤ በዓይን ብቻ የሚያነብ ሰው አንዱን ድምፅ መርጦ ሌላውን ይዘጋል። በእንግሊዝኛ የተለመደው፣ ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ የተለየ ቃል የሚፈለግበት ፍንጭ ግን ለእኛ ብዙም አያገለግልም።

መልሱ ተገኝቶ ከሚያቋርጠው ቃል ጋር ሲጣላ

«ራስ ቢገለበጥ እንጀራ ያበላል (2)» መልሱ «ስራ» ነው። መዝገበ ቃላት ያየ ሰው «ሥራ» ብሎ በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል፤ ቁልቁል የሚያቋርጠው ቃል «ስልክ» ከሆነ ደግሞ እሳቱን ሰ ይፈልጋል። ፈቺው ትክክለኛውን መልስ ሰርዞ ሌላ ፍለጋ ይገባል።

ለዚህ የሚበጀው ሞክሼ ፊደላት በሙሉ፣ ማለትም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ አስቀድሞ መስማማትና ይህንኑ ከሠንጠረዡ በላይ መጻፍ ነው። እርባታውን ግን አብሮ ማላላት አይገባም፤ ግዕዙና ራብዑ፣ ካዕቡና ሳድሱ እንዲለዋወጡ ከተፈቀደ ማንኛውም ቃል ማንኛውንም ስለሚሆን ጨዋታው ይፈርሳል። ጠዋት ጠዋት የሚበላው ምግብ ፈጢራ ነው ወይስ ፋጢራ የሚለው ክርክር ሊነሳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አጻጻፉ ያልጸና ቃል በመልስነት ባይገባ ይሻላል።

የመጀመሪያ ፊደል ተብሎ የተወሰደው የማይገጥም ሲሆን

«ሳባ የንጉሥን መጀመሪያ አቅፋ የምትተነፍስበት (3)»። ብዙ ጀማሪ «የንጉሥን» ከሚለው የመጀመሪያውን ፊደል ሲወስድ የ ይዞ «ሳየባ» የሚል ትርጉም የሌለው ነገር ያገኛል። የአማርኛ ቃል ብቻውን አይሄድም፤ ከፊቱ የ፣ በ፣ ከ፣ ለ ይለጠፉበታል፤ ከኋላው ን፣ ም፣ ና ይከተሉታል። መመሪያው የሚመለከተው ቅጥያው የተነሳለትን ቃል ነው፤ «ንጉሥ» ይቀራል፤ መጀመሪያው ን ነው፤ ሳባ ስታቅፈው «ሳንባ» ይሆናል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ አንድ ዓይነት አለ፤ እዚያ ላይ ቅጥያን ማንሳት ስሕተት ነው። «የተበላሸ ማር ውስጥ የተገኘ ልብስ (2)» በሚለው ፍንጭ መልሱ በቃላቱ ላይ ተዘርግቶ ተጽፏል፦ ከ«የተበላሸ» መጨረሻ ሸ፣ ከ«ማር» መጀመሪያ ማ፤ «ሸማ»። «ሩጫ ትቶ መሃል ላይ የሚቃም (2)» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የከሰዓቱን ሰው ሁሉ ስለሚያስቅ ድሬዳዋ ውስጥ ለማስተማሪያ የሚሻለው እሱ ነው። «ውስጥ»፣ «መሃል ላይ»፣ «ከመካከል» የሚል ሲገኝ ፊደል ሳይቀነስ፣ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት እንደሌለ ተቆጥሮ ከግራ ወደ ቀኝ መነበብ አለበት። የተደበቀው መልስ ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠው ዓይን በክፍተቱ ላይ ስለሚቆም ነው።

ከአንድ ፍንጭ ሁለት መልስ ሲወጣ

«ረገመ፤ ተምታቶበት ግድግዳ ለሰነ (3)»። ሦስቱ ፊደላት ሲዘበራረቁ «ገረመ» ይወጣል፤ «መረገ» ም ይወጣል። ቀድሞ የመጣለትን የጻፈ ሰው ገረመን አስገብቶ ይቀጥላል፤ ስሕተቱ የሚታየው ሌላ ሦስት ቃል ከተበላሸ በኋላ ነው። ግድግዳ ለሰነ የሚለው ለመረገ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ፊደላቱን ከመበተን በፊት ትርጉሙ መለየት አለበት፤ መበተን ያለ ትርጉም ዕድል መሞከር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው ማዞርንና ማዘበራረቅን አለመለየት ነው። «በረደ፤ ሲመለስ በላዩ ጨመረ (3)» ላይ «ሲመለስ» የሚያዘው ከኋላ ወደ ፊት ማንበብን ብቻ ነው፤ «ደረበ»። «ደበረ» ከእነዚሁ ፊደላት ቢሠራም በመመለስ አይገኝም። ተገለበጠ፣ ተመለሰ፣ ዞረ የሚሉት ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ያዞራሉ፤ ተምታታ፣ ተረበሸ፣ ፈረሰ፣ ሰከረ የሚሉት ግን እንደ ልብ ይበትናሉ።

መልሱ ትክክል ሆኖ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ሲያቅት

ይህ ከሁሉ የሚናቀውና ከሁሉ የሚጎዳው ችግር ነው። «አክሱም መነሻው፣ ሸዋ መድረሻው የደቻቱ ወለል (3)» ሲባል የድሬዳዋ ልጅ ሳያስብ «አሸዋ» ይላል፤ የከተማው ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነውና። አክሱምና ሸዋ ለምን እንደገቡ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ከትርጉሙ ብቻ የተገመተ መልስ በዚህ ቀን ቢይዝም፣ የሚቀጥለውን ፍንጭ ለመፍታት የሚያስችል ነገር አላስተማረም።

ፈቺው መልሱን ከጻፈ በኋላ በጠርዙ ላይ ማብራሪያውን በአጭሩ ያስፍር፦ ትርጉሙ የደቻቱ ወለል፤ የአክሱም መነሻ አ፤ መድረሻው ሸዋ፤ አ እና ሸዋ፣ አሸዋ። ከዚያ በፍንጩ ውስጥ ሥራ ያልተሰጠው ቃል መኖሩን ያጣራ። ሥራ ፈት ቃል ከተገኘ ወይ መልሱ ሌላ ነው፣ ወይ አዘጋጁ አጥፍቷል። ዚሜኒዝ በሚል የብዕር ስም ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእንግሊዙ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው ዴሪክ ማክነት ያጠበቀውም ይህንኑ ደንብ ነው፦ በፍንጩ ውስጥ ትክክለኛ ትርጉምና አግባብ ያለው መመሪያ ይኑር፤ ከእነዚህ በቀር ሌላ ምንም አይኑር።

አዘጋጁ የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ለውበት ሲል ነው። ሐረር ከድሬዳዋ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የቆላው ሰው ወደዚያ ሲወጣ ልብስ መደረቡ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ያንን ፍንጭ «ሐረር ላይ በረደ፤ ሲመለስ በላዩ ጨመረ» ብሎ ማሳመር ያጓጓል። ሐረር ግን ለ«ደረበ» አንድም ፊደል አላዋጣም፤ ሐቀኛ ፈቺ እያገላበጠ ጊዜውን ያባክንበታል። ቃሉ ይውጣ፤ ወይም ሥራ ይሰጠው። የደቻቱም ፍንጭ ለጎንደር ወይም ለጅማ ሰው የሚላክ ከሆነ «የደቻቱ ወለል» የሚለው «ከወንዝ ዳር የሚዛቅ» በሚል ቢተካ መመሪያው ሳይነካ ለሁሉም ይፈታል።