የብርቱካን አቅርቦት ሰንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

በኢትዮጵያ ለአንድ ሰው በዓመት ስንት ኪሎ ብርቱካን እንደሚደርሰውና ድርሻው እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ፣ ነጋዴ ወይም ጋዜጠኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የግብርና ድርጅት (ፋኦ) ወደሚያወጣው የምግብ ሚዛን ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ ያለ ክፍያ ይገኛል። ብርቱካንና መንደሪን በአንድ መደብ ተጠቃልለው ሎሚ ለብቻው ስለሚቀመጥ፣ ፍለጋዎን ሲጀምሩ የትኛውን መደብ እንደከፈቱ ያረጋግጡ።

የነፍስ ወከፍ አቅርቦት የሚባለው ቁጥር ሰው ቤት ተገብቶ የተለካ ሳይሆን በስሌት የተገኘ ትራፊ ነው። በአገር ውስጥ በተመረተው ላይ ከውጭ የገባው ይደመራል፤ ወደ ውጭ የተላከው፣ በመንገድና በመጋዘን የተበላሸው፣ ለሌላ አገልግሎት የዋለውም ይቀነሳል፤ የቀረው ለሕዝብ ብዛት ይካፈላል። ለልምምድ ብቻ በተፈጠረ ቁጥር እንየው። ምርቱ 52,000 ቶን፣ ከውጭ የገባው 3,000፣ የተላከው 1,000፣ ብክነቱ 4,000 ቢሆን የሚቀረው 50,000 ቶን ማለትም 50 ሚሊዮን ኪሎ ነው። ሕዝቡ 100 ሚሊዮን ከሆነ ለአንድ ሰው የሚደርሰው በዓመት ግማሽ ኪሎ ነው፤ ይህም መካከለኛ መጠን ያላቸው ሦስት ብርቱካኖች ያህል ነው፣ ያውም ከነልጣጫቸው። ቤት ውስጥ ተበላሽቶ የተጣለውም እንደቀረበ ስለሚቆጠር «አቅርቦት» የሚለውን ቃል «ፍጆታ» ብሎ መተካት አይገባም።

ከዚህ ስሌት ውስጥ እኛን በብዙ የሚያሳስተን አካፋዩ፣ ማለትም የሕዝብ ቁጥሩ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ለ2023 እ.ኤ.አ. የአገር ውስጡ ትንበያ 107 ሚሊዮን ያህል ሲል የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ126 ሚሊዮን ይበልጣል። ያንኑ 50,000 ቶን ለ107 ሚሊዮን ሲያካፍሉ 467 ግራም፣ ለ126 ሚሊዮን ሲያካፍሉ ደግሞ 397 ግራም ያገኛሉ። አንድም ዛፍ ሳይደርቅ አቅርቦቱ 15 በመቶ «ወረደ» ማለት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓመት በአንድ የሕዝብ ቁጥር ምንጭ ይጽኑ።

ቀጥሎ ዓመቶቹን ያስተካክሉ። ፋኦ በጎርጎርዮስ ዘመን ሲቆጥር የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የግብርና ናሙና ጥናት በእኛ አቆጣጠርም ይጠቀሳል፤ የ2015 ዓ.ም. የመኸር ጥናት በ2022 እና በ2023 መካከል የሚያርፍ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁለቱን ዓምዶች ሳላጣጥም ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የሰባት ዓመት ልዩነትን «የአዝማሚያ ለውጥ» ብዬ ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጽፌበት ነበር።

ረጅም ዘመን የሚያወዳድር ሰው ሁለት ስብራቶችን ያገኛል። እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ያለው መረጃ ኤርትራን ያካተተ ሲሆን ከ1993 ጀምሮ ያለው የአሁኗን ኢትዮጵያ ብቻ ይመለከታል። ሁለተኛው የአሠራር ለውጥ ነው፤ አሮጌው ተከታታይ መረጃ በ2013 እ.ኤ.አ. ያበቃል፣ አዲሱ ከ2010 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ሁለቱ የሚደራረቡባቸውን አራት ዓመታት በመጠቀም በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ክፍተቱን ሳይለኩ ሁለቱን በአንድ መስመር መቀጠል ስህተት ነው።

ወደ ምርቱ ሲመለሱ የዛፉን ጠባይ ያስቡ። የተዳቀለ የብርቱካን ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ስለሚወስድ፣ ምርት በአንድ ዓመት እጥፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የናሙናው አወሳሰድ ወይም የጥናቱ ሽፋን ነው። የአነስተኛ አርሶ አደሮች ጥናት እንደ ኑራ ኤራ ያሉ ትላልቅ የአዋሽ ሸለቆ እርሻዎችን አያካትትም፤ እነሱ በተለየ ጥናት ስለሚመዘገቡ አንዱን ብቻ ይዞ «የአገሪቱ ምርት» ማለት አይቻልም። በአንጻሩ ቅነሳው ተከታታይና ቀስ በቀስ ከሆነ እውነተኛ ምክንያት ይፈልጉ፤ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ጓሮዎችን ያራቆተው የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ አንዱ ነው። ያንኑ ቁጥር ለተከታታይ ዓመታት ካዩ ደግሞ ከጎኑ ያለውን ምልክት ያንብቡ፤ ይፋዊ ሪፖርት ሳይሆን በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል። የየዓመቱን መዋዠቅ ለማለስለስ የሦስት ዓመት አማካይ ይበቃል።

የንግዱን ዓምድ በአጭሩ ይለፉት፤ በጉምሩክ ሳይመዘገብ ድንበር የሚሻገር ፍሬ እዚያ እንደማይታይ ብቻ ልብ ይበሉ። በመጨረሻም ውጤቱን ከስታቲስቲክስ አገልግሎቱ ወርኃዊ የችርቻሮ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። አቅርቦቱ ጨምሯል እየተባለ በአትክልት ተራ የብርቱካን ዋጋ ከሙዝ ዋጋ ፈጥኖ ከወጣ፣ ወደ ሰንጠረዡ ተመልሰው በቅድሚያ ምርቱን፣ ቀጥሎም የሕዝብ ቁጥሩን ይፈትሹ።