በኪው ኦ-100 ሳተላይት ለመነጋገር የሚልኩትን ፍሪኩዌንሲና ኃይል እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

ኪው ኦ-100 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጠቀው የኳታሩ ኢስሃይል-2 ሳተላይት የተሸከመው የአማተር ሬዲዮ (ለንግድ ሳይሆን በትርፍ ጊዜ የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት) መሣሪያ ነው። ቦታው 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ ኢትዮጵያ ላይ ቀን ከሌት ይታያል። በ26 ዲግሪ ለዓረብ ሳት የተተከለ ዲሽ እንኳ አቅጣጫው ያው ነው ማለት ይቻላል። ዋናው ጥያቄ የምትልኩት ሲግናል በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ጉልበት መድረሱ ነው። የሁለቱም መለኪያ አንድ ነው፦ የሳተላይቱ ቢከን፣ ማለትም በታወቀ ፍሪኩዌንሲ ሳያቋርጥ የሚላክ የማመሳከሪያ ሲግናል።

መጀመሪያ አዳምጡ። መካከለኛው ቢከን 10489.750 ሜጋኸርዝ ላይ አለ። ኤል ኤን ቢ (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል መቀበያ) ፀሐይ ሲመታው ፍሪኩዌንሲው ይሸሻል። ስለዚህ ሲግናሎቹን በሚያሳየው ኮምፒውተር ላይ ቢከኑን ፈልጉና የማሳያውን ቁጥር በእሱ አስተካክሉ። ይህ ሳይደረግ መላክ ከተጀመረ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሳተላይቱ የምትልኩትን ተቀብሎ በ8089.5 ሜጋኸርዝ ከፍ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ መሰማት ከምትፈልጉበት ፍሪኩዌንሲ ላይ 8089.5 ቀንሱ። በ10489.680 ለመሰማት በ2400.180 ትልካላችሁ። ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር የዶፕለር ለውጡ (በእንቅስቃሴ ምክንያት የሚመጣው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ) እዚህ ግባ አይባልም። ቢከኑ በቦታው ሆኖ የእናንተ ድምፅ ፈንጠር ብሎ ከተሰማ፣ መፈተሽ ያለበት የማስተላለፊያችሁ ኦሲሌተር (ፍሪኩዌንሲውን የሚያመነጨው ክፍል) ነው።

አሁን ኃይሉ። ፈቃድና የጥሪ ምልክት ያስፈልጋችኋል። ከዲሹ ፊት ሰው አይቁም። ማንም የማይነጋገርበት ፍሪኩዌንሲ ምረጡ፣ ኃይሉን እስከ ታች አውርዱ፣ የጥሪ ምልክታችሁን በሞርስ ላኩና በጆሮ ማዳመጫ ጠብቁ። ድምፃችሁ ከሩብ ሰከንድ በኋላ ይመለሳል። ራስን ከሰማይ መስማት ደስ ይላል! ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ዓይናችሁ ግን ስክሪኑ ላይ ይሁን። የእናንተ ሲግናል ከቢከኑ ከፍታ በፍጹም መብለጥ የለበትም። የሳተላይቱ ኃይል የሁሉም የጋራ ነው፤ አንዱ ሲጮህ የሌላው ድምፅ ይደክማል። ከልክ ያለፈ ሲግናል ላይ ሌይላ የሚባለው ተቆጣጣሪ የሳይረን ድምፅ ይለቅበታል። ሳይረኑን ከሰማችሁ ወዲያው ቀንሱ።

ጭራሽ ካልተሰማችሁስ? ዋት ለመጨመር አትቸኩሉ። ወደ ሳተላይቱ የሚሄደው ሞገድ ወደ ቀኝ የሚዞር መሆን አለበት። ዲሹ ደግሞ ሲያንጸባርቀው አዟዟሩን ይገለብጠዋል። ስለዚህ ዲሹ ፊት ያለው አንቴና ወደ ግራ የሚያዞር መሆኑን አረጋግጡ።