በማንጎ መስመሮች መካከል ለአፈር የሚሆን ዛፍ አሰባጥሮ መትከል፦ ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ቆላ

ማንጎ የተከለ ሰው ፍሬ እስኪያይ ድረስ ዓመታት ይጠብቃል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ሰፊ መሬት ግን አይጠብቅም። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ብዙ አምራች እዚያ ላይ ማሾ ወይም ሽንኩርት ይዘራበታል፤ ጥሩ ያደርጋል። ችግሩ ሰብሉ ከተነሣ በኋላ ነው። መሬቱ እስከ በልግ ድረስ ራቁቱን ፀሐይ ይመታዋል፣ የገጹ አፈር ይደርቃል፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብም ጠርጎት ወደ ወንዝ ይወርዳል። በዚያው ቦታ ላይ ቅጠሉ እየተቆረጠ ለአፈር የሚነጠፍ ዛፍ ቢተከል ይህ ሁሉ ይለወጣል።

ዘዴው በሌላ አገር በደንብ የተሠራበት ነው። በስሪላንካና በደቡብ ሕንድ የኮኮናት አምራቾች በዛፎቹ መካከል ግሊሪሲዲያ የተባለ የጥራጥሬ ወገን ዛፍ ይተክላሉ፤ ለምለም ቅርንጫፉን እየቆረጡም በኮኮናቱ ዙሪያ ያነጥፋሉ። ብዙው የኮኮናት መሬት አሸዋማ ስለሆነ ማዳበሪያም ብስባሽም አይበረክትበትም፤ በየጊዜው የሚወድቀው ቅጠል ያንን ይሞላል። ኮኮናት ለዚህ የተመቸ ተክል ነው፦ በ8 ሜትር ገደማ ተራርቆ ይተከላል፣ አብዛኛው ሥሩ ከግንዱ በ2 ሜትር ውስጥ ይወሰናል፣ ካረጀም በኋላ በቅጠሎቹ መካከል ብርሃን ያሳልፋል። ማንጎ እንዲህ አይደለም። ጥላው ወፍራም ነው፤ ሲጎለምስ ከሥሩ የሚያድግ ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ከኮኮናት አምራቾች የምንወስደው ሐሳቡን ነው፤ ልኩንና ዕድሜውን ለማንጎ እናስተካክላለን።

1. አፈሩን አስቀድማችሁ እዩ። በደረቅ ወቅት ከማሳው ሁለት ሦስት ቦታ የእንቁላል መጠን ያለው ደረቅ ጓል አንሡ፤ በጠራ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡት። ወዲያው ተፈርፍሮ ውሃውን ካደፈረሰ አፈሩን አያይዞ የሚይዘው ብስባሽ አልቋል ማለት ነው። ሳይፈርስ ከቆየ ደኅና ነው። ከአጥር ጥግ ወይም ከአሮጌ ዛፍ ሥር ካልታረሰ ቦታ የተወሰደ ጓልም አብራችሁ ሞክሩ፤ ልዩነቱን ያየ ሰው ለምን ዛፍ እንደሚተክል ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም። ያገኛችሁትን ጻፉት፤ በየዓመቱ በዚያው ወር ትደግሙታላችሁ።

2. ዛፉን ምረጡ። እንደ ሸዋ ሮቢት ላለ ቆላ (ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ) ሰስባንያ፣ ሉኪንያ እና የርግብ አተር ይሆናሉ። ሦስቱም የጥራጥሬ ወገን ናቸው፤ በሥራቸው እባጭ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት ይለውጡታል። ሰስባንያ ፈጥኖ ያድጋል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ሉኪንያ ብዙ መቆረጥ ይችላል፤ ፍሬው ከደረቀ ግን ራሱን በየቦታው ይዘራልና ዘለላው ሳይበስል ቁረጡት። የርግብ አተር በቀጥታ ይዘራል፣ ይበላልም።

ባሕር ዛፍ በዚህ መስመር ውስጥ ቦታ የለውም፤ ውሃውን ይሻማል፣ ቅጠሉም ቶሎ አይበሰብስም። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ወራሪ ዛፍ ደግሞ በጎረቤታችን በአፋር የግጦሽ መሬት ላይ ያደረሰውን የሚያውቅ ሰው ዘሩን ወደ ማሳው አያስጠጋም። በማሳችሁ ላይ ክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ግርብያ ቆሞ ካለ ግን አትንኩት። ሰብሉ ብርሃን በሚፈልግበት ወቅት ጥላ የማያጠላ እንዲህ ያለ ዛፍ ብዙ የለም።

ወደ ደብረ ብርሃን ለወጣ፣ ውርጭ ለሚመታው ደጋ፣ ከእነዚህ ይልቅ ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ይሻላል።

3. ችግኙን አፍሉ። የሰስባንያና የሉኪንያ ዘር ቆዳው ጠንካራ ነው። የፈላ ውሃ ከእሳት አውርዳችሁ ጥቂት በረድ ሲል አፍስሱበት፤ እዚያው አሳድሩት፤ ያበጠውን በማግስቱ ዝሩ። በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ የተዘራ ለክረምቱ ይደርሳል። ዛፉ ቀድሞ ከሚበቅልበት ቦታ፣ ከሥሩ የተወሰደ እፍኝ አፈር በችግኝ አፈሩ ላይ ቀላቅሉ፤ ባክቴሪያው አብሮ ይመጣል።

4. መስመሩን አውጡ። የማንጎው መስመር በ10 ሜትር ከተራራቀ፣ መሐሉ ላይ ከሁለቱም ግንድ 5 ሜትር ርቆ አንድ የዛፍ መስመር ይበቃል። በመስመሩ ላይ ከችግኝ ችግኝ ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ይሁን። ተዳፋት ከሆነ መስመሩ ከዳገት ወደ ቁልቁለት አይውረድ፤ እንደ እርከን አግድም ይሂድ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰው በኋላ ትከሉ። በሁለቱ ወገን ማሾ መዝራቱን አትተዉ።

ከሁሉ የሚከብደው ከብት ነው። ሰብል ከተነሣ በኋላ ልቅ ግጦሽ በሚፈቀድበት ሰፈር የመጀመሪያው ዓመት ችግኝ ያለ አጥር አንድ ሳምንት አይቆይም። እሾህ እጠሩ፤ ከጎረቤት ጋርም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንድ ሰው ብቻውን ከሚያጥር፣ ተጎራባቾች ተስማምተው አብረው ቢተክሉ እጅግ ይቀላል።

5. ቁረጡ። አፈሩን የሚሠራው መቆረጡ ነው፤ ሳይቆረጥ የሚያድግ ዛፍ ማንጎውን ብቻ ይሻማል። ከራስ በላይ ሲያድግ፣ ብዙ ጊዜ ከተተከለ ዓመት ገደማ በኋላ፣ መቁረጥ ጀምሩ። ሰስባንያን ከ1 ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ አትቁረጡት፤ ጥቂት ቅጠል ያለው ቅርንጫፍም ተዉለት፣ አለዚያ ይደርቃል። ሉኪንያ ዝቅ ማለትን ይችላል። በዓመት ሦስት ጊዜ ቁረጡ፦ በበልጉ መግቢያ፣ በክረምቱ መግቢያ፣ እና መስከረም መጨረሻ ላይ። ይህ የመጨረሻው ደረቁ ወቅት ሳይገባ የዛፉን የውሃ ፍጆታ ስለሚቀንስ እንዳያመልጣችሁ።

ቅጠሉንና ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ የማንጎው ቅርንጫፍ ጫፍ በሚደርስበት ዙሪያ ጎዝጉዙት፤ ግንዱን አታስነኩት፣ ይበሰብሳል። እርጥብ ቅጠል በክረምት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል፣ ናይትሮጅኑም ለዚያው ወቅት ይደርሳል። አፈሩን ለረጅም ጊዜ የሚይዘው ብስባሽ ግን ጠጣር ነገርም ይፈልጋልና የተከተከተ የማሽላ አገዳ ቀላቅሉበት። ምስጥ ባለበት ማሳ ጉዝጓዙ ሳሳ ይበል፤ ወፍራም እንጨትም አትተዉበት።

ወፍራሙ እንጨት ወደ ምድጃ ይሂድ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፣ እኔ ግን ከቅጠሉ አሳንሼ አላየውም። ማገዶ በሚያጥርበት ቤት እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ አገዳውም ይነዳል፤ መሬቱ ሊመለስለት የሚገባው ሁሉ አመድ ይሆናል። ከዛፉ የተገኘው እንጨት ምድጃውን ከሞላ እበቱ ኮምፖስት ይሆናል። ቅጠሉን ለፍየል ወይም ለላም የሚሰጥም ይኑር፤ ቅጠሉን ከብት ከበላው ግን እበቱ ወደዚያው ማሳ ይመለስ።

6. ተከታተሉ። ከአንዱ ዛፍ ሥር ቆፍራችሁ እባጩን ፈንክቱት፤ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። የጓሉን ሙከራ ድገሙት። ከጉዝጓዙ ሥር አካፋ ስትሰዱ የምድር ትል፣ እርጥበትና በቀላሉ የሚፈረፈር አፈር ፈልጉ። ናይትሮጅኑ በአንድ ወቅት ይታያል፤ የአፈሩ አያያዝ ግን በዓመታት ነው የሚለወጠው። ማሽላ የምትዘሩም አቀንጭራ የተባለው አረም በደከመ መሬት ላይ እንደሚበረታ ታውቃላችሁ፤ አፈሩ ሲለማ እሱም ይዳከማል። ማንጎው በበጋ ቅጠሉ ከጠወለገ ዛፎቹ በዝተዋል፤ አንድ እየዘለላችሁ ንቀሉ።

የማንጎው ቅርንጫፎች ሊገናኙ ሲቃረቡ መሐሉ ያለው መስመር በጥላ ይዳከማል። ያኔ ግንዱን ከመሬት እኩል ቁረጡት፣ ሥሩን ግን አትንቀሉት፤ እዚያው ሲበሰብስ ለውሃ መግቢያ ይሆናል። ለቅጠል የሚሆነውንም ዛፍ ከዚያ በኋላ በእርከኑ ዳርና በአጥሩ መስመር ላይ ትከሉት።