ደም ማቅጠኛ ከመስጠት በፊት፦ የአዎርታ መሰንጠቅን በድንገተኛ ክፍል መጠርጠር

ደረቱን አሞት ወደ ድንገተኛ ክፍል ለመጣ ታካሚ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ምርመራ) አንስቶ የልብ ደም ቅዳ መዘጋትን ማሰብ የተለመደ አሠራር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነው። አደጋው የሚመጣው ሕመሙ የአዎርታ (ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ቅዳ) መሰንጠቅ ሲሆን ነው። በዚህ ሕመም የአዎርታ የውስጠኛው ሽፋን ይቀደድና ደም በግድግዳው ንብርብሮች መካከል እየገባ ይለያያቸዋል። ለእንዲህ ያለው ታካሚ ደም ማቅጠኛውን ሄፓሪን ወይም የረጋ ደም የሚያሟሟውን ስትሬፕቶካይኔዝ መስጠት ሞቱን ሊያፋጥን ይችላል።

ጥርጣሬው የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ብዙ ታካሚ «ውጋት ያዘኝ» ብሎ ስለሚያቆም ዝርዝሩን ማውጣት የጠያቂው ድርሻ ነው፦ ሕመሙ ሲጀምር ምን እየሠሩ ነበር? እየባሰ የሄደው ቀስ በቀስ ነው ወይስ ገና ሲነሣ ነው የከፋው? ወደ ጀርባ ወይም ወደ ሆድ ወርዷል? በቅጽበት ተነሥቶ ወዲያው እጅግ የበረታ ሕመም፣ በተለይ የቆየ የደም ግፊት ባለበት ሰው ላይ፣ ቀላል ተብሎ መታለፍ የለበትም። ወጣት ከሆነ ደግሞ የማርፋን ሕመም (የደም ሥር ግድግዳን ጭምር የሚያዳክም የዘር ሕመም)፣ እርግዝና፣ በቤተሰብ ውስጥ በድንገት የሞተ ሰው መኖሩ ይጠየቅ። ከደረት ሕመሙ ጋር ራስን መሳት፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም የእግር መቀዝቀዝ ከታየ፣ ሁለቱን ለየብቻ ከማየት በፊት አዎርታን ማሰብ ይገባል።

ቀጥሎ የሚደረገው ምርመራ ርካሽ ቢሆንም በሥራ ብዛት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የደም ግፊት በሁለቱም ክንዶች፣ በአንድ መለኪያ፣ በተከታታይ ይለካ፤ የላይኛው ቁጥር ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ከተለያየ ልኬቱ ይደገም። የሁለቱ እጅ አንጓዎችና የሁለቱ ብሽሽቶች ትርታ ይነጻጸር። ታካሚው መቀመጥ ከቻለ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ትንፋሹን ሲያወጣ የደረት አጥንቱ ግራ ጠርዝ ይደመጥ፤ አዲስ የአዎርታ ቫልቭ መፍሰስ ድምፅ የሚሰማው እዚያ ነው። እነዚህ ሁሉ አለመገኘታቸው ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

የደረት ራጅ ንጹሕ መሆንም አያረጋጋም። ኢሲጂውም ሊያታልል ይችላል፤ ስንጥቁ የቀኙን የልብ ደም ቅዳ መነሻ ከነካ፣ የልብ ጡንቻ ጉዳት ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚወጣን ቁስ የሚለካ የደም ምርመራ) በሚሊ ሊትር ከ500 ናኖግራም በታች መሆኑ ሕመሙን ለማስወገድ የሚያግዘው ጥርጣሬው ዝቅተኛ ለሆነ ታካሚ ብቻ ነው። አልትራሳውንድ በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ወይም የሰፋ አዎርታ ካሳየ ጥርጣሬውን ያጠነክራል፤ ቁርጡን የሚለየው ግን በደም ሥር በሚሰጥ ንጥረ ቀለም የሚነሣው ሲቲ ስካን ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ሕመሙ በሞርፊን ይታገሥ፤ ግፊቱ ከፍ ያለ ከሆነ አስቀድሞ እንደ ላቤታሎል ባለ ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ ግፊት ቀናሽ) የልብ ምቱ ከ60 በታች፣ የላይኛው ግፊት ከ100 እስከ 120 ይደረግ። የደም ሥር የሚያሰፋውን ሃይድራላዚን ብቻውን ማስቀደም የልብ ምቱን ስለሚያፈጥን ስንጥቁን ሊያባብስ ይችላል። ግፊቱ የወረደ ታካሚ ግን ግፊት ቀናሽ አይሰጠው፤ አዎርታው ፈንድቶ ወይም ደም ልቡን አፍኖት ሊሆን ስለሚችል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ወዲያውኑ ይጠራ።

ሲቲ ስካን የሌለበት ሆስፒታል ታካሚውን ሪፈር ሲያደርግ አስቀድሞ ይደውል፤ በወረቀቱም ላይ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የሁለቱን ክንዶች ግፊትና የተሰጡትን መድኃኒቶች ሁሉ ይጻፍ።