የቆሮሶውን ትል አትጣሉት፣ ቁጠሩት

ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርጄ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ስገዛ ልጆቹ «እንበልትልሽ?» ይሉኛል። እምቢ እላለሁ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ከሥጋው ይልቅ የሆድ ዕቃው ያጓጓኛል።

እናንተም ትሉን ለመቁጠር ከሞከራችሁ ቢያንስ ስድስት ዓሣ ግዙ። አንድ ዓሣ ምንም አይነግራችሁም። እያንዳንዱን መዝኑ፣ ርዝመቱን ለኩ፣ ጻፉ።

መጀመሪያ የስንጥቡን ክዳን ገልጡ። እዚያ አካባቢ ቢጫ እብጠት ካለ በመርፌ ቀደድ አድርጉት። ጠፍጣፋ ትል ይወጣል፤ ክሊኖስቶመም ይባላል። በቀንድ አውጣ ይጀምርና በዓሣ አልፎ፣ ዓሣ የሚበላ ወፍ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ይጎለምሳል።

ከዚያ ሆዱን ክፈቱ። ብዙ ሰው አንጀቱን አይቶ ያቆማል። እናንተ እስከ ልቡ ሂዱ። ልቡ ያለበት ክፍተት ውስጥ የተጠቀለለ ክር የመሰለ ትል ካያችሁ ኮንትራሲከም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቀን ሳየው «ይሄ ልብ እንዴት ይመታ ነበር?» ብዬ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ይሄኛው ቀንድ አውጣ አያስፈልገውም። በውሃው ደቃቅ ፍጥረታት በኩል ዓሣ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እንደ ፔሊካን ያለ ወፍ እስኪውጠው ይጠብቃል።

ስትመዘግቡ ብዛቱን ለብቻ፣ ዓይነቱን ለብቻ ጻፉ። በሐይቁ ብዙ ዓይነት ትል መኖሩ ብቻውን ክፉ ዜና አይደለም። ቀንድ አውጣውም ወፉም በቦታቸው አሉ ማለት ነው። አንድ ዓሣ ላይ ሲደራረቡ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አንዱ ትል የዓሣውን መከላከያ አዳክሞ ለሌላው በር ሊከፍት ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ በቦታና በምግብ ይሻማሉ፤ አንዱ ሌላውን ያስወጣል።

ጉዳቱን ለማየት እኩል ርዝመት ያላቸውን አወዳድሩ። አንድ ዓይነት ትል ያለበትና ሦስት ዓይነት ያለበት፣ የትኛው ከሳ? እኔ አንዴ ርዝመቱን ትቼ ክብደቱን ብቻ አይቼ፣ ትል የበዛበት ዓሣ ወፍራም ነው ብዬ ለተማሪዎቼ አስተማርኩ። ጉድ ሆንኩ! ትልቁ ዓሣ ረጅም ዕድሜ ሲበላ ስለኖረ ነው ትል ያጠራቀመው። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ሥጋውን በደንብ አብስሉት። ኮንትራሲከም አልፎ አልፎ ሰውንም ያማል፤ እኔ ጥሬውን በዳጣ መብላት ትቻለሁ፣ ምራቄን እየዋጥኩም ቢሆን። የሆድ ዕቃውን ቅበሩት እንጂ ለወፎቹ አትወርውሩላቸው። ትሉ የሚጠብቀው እሱን ነው።